ታቱ፣ ሞላና የወፍ በሽታ

ከመካነ ሰላም ገበያ የሚመለሱ የሰባ ዓመት እናት ነጠላቸው ከትከሻቸው ሸርተት ብሎ አንገታቸው ላይ ሦስት አራት መስመር የደበዘዘ አረንጓዴ ቀለበት ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። የቦረና፣ የወግዲና የአማራ ሳይንት ደጋ ሰው እንዲህ ያለውን አንገት ከልጅነቱ ጀምሮ እያየ ነው ያደገው። ክርስቲያን ከሆኑ ግንባራቸው ላይ መስቀል ሊኖር ይችላል። ሲስቁ ደግሞ ድዳቸው ጠቁሮ ጥርሳቸው ይበልጥ ነጭ መስሎ ይታያል። ይህን ሁሉ የሠራችው ጥላሸት፣ የቅጠል ጭማቂና አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች የያዘች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ አንዲት ነቃሽ ናት። ኤሌክትሪክ አልነበራትም፤ ዲናሞም ሞላም አልነበራትም። ሞላው የራሷ የእጅ አንጓ ነበር። መርፌው ምን ያህል ጠልቆ መውጣት እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው።

የልጅ ልጃቸው ስልክ ውስጥ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የታቱ ማሽን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ሞልተዋል። የሚጠይቁትም ብዙ አይደለም፦ ከተበላሸ ቴፕ ወይም ዲቪዲ የወጣ ዲናሞ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ የታጠፈ የማንኪያ እጀታ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የልብስ መርፌ፣ ፕላስተር። አንድ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ልጅ ይህን ሁሉ ከአንድ ምሳ በማይበልጥ ገንዘብ ያሰባስበዋል። ትንሽ ጠለቅ ያለው ደግሞ በዲናሞ አይረካም። ሽቦ ጠቅልሎ ማግኔት ይሠራል፤ ከዚያም ሞላው ላይ ይጠበባል። የጃንጥላ ዘንግ ይሞክራል፣ የሴጌቶ ምላጭ ይሞክራል፣ የአናጢ ሜትር ቆርጦ ይሞክራል፣ የእስክሪብቶ ሞላ ያስገባል፣ የብር ላስቲክ ይጠመጥማል። የሚያሳስበው የመጨረሻው ነገር ነው፤ ማሽኑ ሠራ አልሠራ የሚፈተሸው የት ነው? ብዙውን ጊዜ ጓደኛ ክንድ ላይ።

ስለ ታቱ በተነሣ ቁጥር ግን የሚሰማው ክርክር ይህን አይነካም። ሁለት ወገን ወዲያው ይሰለፋል። አንዱ ሃይማኖት ይጠቅሳል፤ ክርስቲያኑ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28ን፣ ሙስሊሙ ነቃሽንም ተነቃሽንም የሚያወግዘውን ሐዲስ። ሌላው «አያቶቻችንስ?» ብሎ የእናቶችን አንገት ያሳያል። ወሎ ላይ ይህ ክርክር የራሱ ጣዕም አለው፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም ጥቅስ የሚጠቅስ ዘመድ ይገኛልና። ሁለቱም ወገን ግን የሚከራከረው ስለ ምልክቱ ነው፤ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፣ ያምራል ወይስ ያስቀይማል። ምልክቱን ያስቀመጠው መርፌ ከዚያ በፊት ማን ቆዳ ውስጥ እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።

ሞላው ለምን ይህን ያህል ያስወራል ለሚል አንባቢ ነገሩ ቀላል ነው። በሽቦ ጥቅል የሚሠራው የንቅሳት ማሽን የትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ደወል ወንድም ነው። ጅረቱ በሽቦው ጥቅል ሲያልፍ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፣ የብረት ምላሱን ወደ ታች ይስባል፣ መርፌውም አብሮ ይወርዳል። ምላሱ ሲወርድ ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ማግኔቱ ይሞታል፣ ሞላው ምላሱን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ግንኙነቱም እንደገና ይፈጠራል። ደወል ላይ መዶሻው ቃጭሉን ይመታል፤ እዚህ መርፌው ቆዳ ይመታል። ይህ በአንድ ሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ሁለት ሞላ አለ፦ ከኋላ ያለው ምላሱን ተሸክሞ ይመልሰዋል፤ ከፊት ያለው ብሎኑን እየነካ ጅረቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጋራዥ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ባሌስትራ ቢላቸው ይቀርባል። የተጠቀለለ ሽቦ ሳይሆኑ ጠፍጣፋ የብረት ቅጠል ናቸው፤ ውፍረታቸውም ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም።

ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ጭነት ሲበዛበት ባሌስትራው ላይ ቅጠል ያስጨምራል። መኪናው ያኔ ጭነቱን ይችላል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን እያንዳንዱን ጠጠር ለሹፌሩ ወገብ ያደርሳል። የንቅሳት ሞላም እንዲሁ ነው። ሲወፍር ወይም ሲያጥር ይፈጥናል፣ የመርፌው ጉዞም ያጥራል። ሲሳሳና ሲረዝም ይዘገያል፣ ጉዞው ይረዝማል፣ ምቱም ይከብዳል። መስመር ለማስመርና ቦታ ለመሙላት ባለሙያዎች የተለያየ ሞላ የሚመርጡት ለዚህ ነው። መርፌው ቆዳ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካነሰ ቀለሙ ከላይኛው ቆዳ ጋር ይረግፋል፤ ከበለጠ ስብ ውስጥ ገብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ እንደወደቀ ቀለም ይበተናል፣ ደሙም ይበዛል። በአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው እንግዲህ፤ ያንን ሚሊሜትር የሚጠብቀው ደግሞ ከእጅ ቀጥሎ ሞላው ነው።

አሁን የቤት ውስጥ ሙከራዎቹን እንያቸው። የሴጌቶ ምላጭ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ለመቅጠን በሞረድ ሲፋቅ ወይም በብየዳ ሲያዝ ደግሞ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይወስደዋል። ይህን ለወሎ ብረት ሠሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማጭድ አግሎ ውሃ ውስጥ ሲነክር የኖረ ሰው ብረት በእሳት ሲያልፍ ባሕርዩ እንደሚለወጥ ከመሐንዲስ ቀድሞ ያውቃል። ልምድ ያላቸው የማሽን ሠሪዎች በየአገሩ የሚጠቀሙት ለሞላ ተብሎ የተሠራ ስስ ብረት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለካበት ዓይነት ቅጠል። የአናጢ ሜትር ከዚያ ጋር ይቀራረባል፤ ሆኖም ጎበጥ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ አንዴ ቀጥ ይላል፣ አንዴ ይከረበታል፤ ምቱም አብሮ ይለዋወጣል።

የእስክሪብቶው ሞላ ታሪክ ይለያል። በዲናሞ ብቻ የሚሠራ ማሽን መመለሻ ሞላ አያስፈልገውም፤ ዲናሞው ራሱ መርፌውን ያወርዳል፣ ያወጣል። ችግሩ ርኅራኄ የለውም፤ ቆዳው ጠንካራ ሆነ ለስላሳ፣ አጥንት ላይ ሆነ ሥጋ ላይ፣ እኩል ይመታል። ስለዚህ አንዳንዱ በመሀል የእስክሪብቶ ሞላ ያስገባል፣ ምቱ እንዲለዝብ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ፋብሪካ የሚሠራቸው ዘመናዊ ማሽኖችም ምቱን የሚያለዝብ ነገር አላቸው። ነገር ግን የእስክሪብቶ ሞላ የተሠራው በቀን ጥቂት ጊዜ ጠቅ ለመባል ነው። በሴኮንድ መቶ ጊዜ ሲጠየቅ ከዲናሞው ጋር እኩል መሄድ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ቫልቭ እንደማይከድን የደከመ የቫልቭ ሞላ። ያኔ መርፌው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ እጅ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፣ ቆዳውም መወጋቱ ቀርቶ ይቀደዳል። የብር ላስቲክ ደግሞ የመርፌውን ዘንግ እንዳይወዛወዝ ለመያዝ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት ነው። በሞላ ምትክ ሲገባ ግን ሲሞቅ ይላላል፤ በሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ማሽን አይደለም የሚሆነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ይህን የሚሞክር ልጅ የሚሰደብ ሰው አይደለም። የንቅሳት ማሽን ራሱ የተወለደው እንዲህ ባለ ጉርጎራ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ጽሑፍ ለማባዛት ብሎ ወረቀት የሚበሳ የኤሌክትሪክ እስክሪብቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒውዮርክ ነቃሽ ያንን ሐሳብ ወስዶ ቀለም እንዲጠጣና ቆዳ እንዲወጋ አድርጎ ቀየረውና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በራሱ ስም አስመዘገበ። ምኒልክ ከነገሡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር ያኔ። የቢሮ ዕቃ ወስዶ ለማይታሰብ ሥራ ያዋለ ሰው ነው የዛሬውን ኢንዱስትሪ የጀመረው። ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ አውጥቶ የሚሠራው የመካነ ሰላም ልጅም ከእሱ የሚለየው በዘመንና በቦታ ብቻ ነው። ጭንቅላት አለው፤ ሌላ አገር ቢሆን ይህ ጭንቅላት ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ይፈለግ ነበር።

ችግሩ ሙከራው የሚካሄድበት ሰሌዳ ነው። በውጭ አገር ጀማሪ ነቃሽ የሚለማመደው በአሳማ ቆዳ ወይም ለልምምድ ተብሎ በተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ነው። ወሎ ላይ አሳማ ማንም አይነካም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አይጣላም። ሰው ሠራሹም ገበያ ላይ የለም። ብርቱካን ግን አለ፤ ዱባ አለ፤ ከበዓል የተረፈ የፍየል ቆዳ አለ። የብርቱካን ልጣጭ ለዚህ ሥራ ጥሩ መምህር ነው። መርፌው ሲጠልቅ ጭማቂው ይወጣል፤ ሞላው ከርሮ እንደሆነ ያን ጊዜ ያስታውቃል። ብርቱካን የወፍ በሽታ አይዘውም፣ አያስተላልፍምም።

ወሎ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ ብዙውም ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። ከዚያ ቢጫነት ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ሄፓታይተስ ቢን የሚያስተላልፈው ቫይረስ ከሰው አካል ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። ክትባት ያልወሰደ የጤና ባለሙያ ቫይረሱ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ለሄፓታይተስ ሲ ወደ 2 በመቶ፣ ለኤች አይ ቪ ደግሞ ከ1000 ሦስት ገደማ ነው። ንጽጽሩ ልብ ይባል፤ አገሩ ሁሉ የሚፈራው ሦስተኛውን ነው። የኢትዮጵያ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና የሄፓታይተስ ቢን ሥርጭት 7.4 በመቶ፣ የሲን 3.1 በመቶ ብሎ አስቀምጦታል። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሰው ተቀምጦ አንድ መርፌ ቢዞር ከመካከላቸው አንዱ ቫይረሱን ይዞ የተቀመጠ ነው ብሎ ማሰብ ማጋነን አይሆንም።

ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ጨምሮ አገር አቀፍ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ወጣት፣ ማለትም ዛሬ ክንዱን ለጓደኛው ማሽን የሚዘረጋው ብዙው ጎረምሳ፣ በልጅነቱ አልተከተበም። እርግጥ አዋቂ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ቫይረሱን ያባርረዋል፤ ሥር ሰዶ የሚቀረው ይበልጥ ሕፃናት ላይ ነው። ይህ ግን ማጽናኛ የሚሆነው ወጣቱ ሚስትና ልጅ እስካላገኘ ድረስ ነው።

ወደ ሞላው እንመለስ፤ ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት እዚያ ነውና። ሞላ ሲሳሳት መርፌው ይጠልቃል፤ መርፌው ሲጠልቅ ደም ይበዛል፤ የበዛው ደም ወደ ቀፎው፣ ወደ ላስቲኩና ወደ እስክሪብቶው ሞላ ይወጣል። የሚሞከረው ዕቃ ራሱ ደም የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። የእስክሪብቶ ሞላ ጥቅልሎች መካከል የደረቀ ደም በአልኮል በተነከረ ጥጥ አይወጣም። የእስክሪብቶ ቀፎ ቢቀቀል ይጣመማል። የሽቦው ጥቅልና ዲናሞው ውሃ አይነካቸውም። ባለሙያ ነቃሾችም ቢሆኑ ማሽኑን አይቀቅሉም፤ ማሽኑን በፕላስቲክ ይሸፍናሉ፣ ቆዳና ደም የሚነካውን ክፍል ደግሞ አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል ወይም 121 ዲግሪ በሚደርስ የእንፋሎት ግፊት ያመክኑታል። የቤት ውስጥ ማሽን ትልቁ ጉድለት መንቀርቀቡ ወይም ማስቀየሙ አይደለም። ደም የሚነካውና የማይነካው ተለይቶ አልተሠራም፤ ሁሉም አንድ ላይ በፕላስተር ተጠምጥሟል።

አያቶች ላይ የተሠራው ስሕተትም መነሣት አለበት። ንቅሳት «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ተብሎ እንጥል ከማስቆረጥና ግግ ከማስወጣት ጋር በአንድ ዝርዝር ሲነበብ ዓመታት አልፈዋል። ኤች አይ ቪ ሲመጣ ደግሞ «ስለታማ ነገር በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ትምህርት በየስብሰባው ተሰጠ፤ ተገቢም ነበር። ግን ትምህርቱ ብዙ ሴቶች ላይ ያተረፈው መልእክት «መርፌሽን ለዪ» ሳይሆን «አንገትሽን ሸፍኚ» የሚል ሆኖ ቀረ። ከተማ ገብታ ሥራ የፈለገች ሴት ንቅሳቷ የገጠር ማህተም ሆነባት። ጥበቡ ሳይጠና፣ ነቃሾቹ ሳይጠየቁ እርጅና ወሰዳቸው። አሁን ያው ፊደል ለልጅ ልጆቻቸው ቢነበብ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ማሽኑ ከጓሮ ወደ ጓዳ ይገባል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የተያዘውም ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ታቱ ተነቅሼ ነበር» አይልም።

መልስ ይኖራል፤ «ጤና ጣቢያው ራሱ ጓንት አጥቶ ስለ ታቱ ይወራል?» የሚል። ይህን የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ከጦርነቱ ወዲህ የክልሉ የጤና ተቋማት ምን ላይ እንደሆኑ የማያውቅ የለም። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይገባም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ወጣቱ ሥራም ትምህርትም መዝናኛም ያጣል፤ እጁ ሥራ የሚፈልገውም ያኔ ነው። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው ሆስፒታል አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ የሚያስተምሩት ሽንት ቤት ስለ መቆፈርና ስለ እናቶች ወሊድ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር መርፌ ላይ ቢጨምሩ ወጪ የለውም። ለአዋቂ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በወሩና በስድስተኛው ወር። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ ከየአገሩ የመጣ ወጣት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ በሚኖርበት ቦታ ይህን ክትባት ለማስጀመር ከዚያ የተሻለ ደጃፍ አይገኝም። ተማሪዎቹ ይነቀሳሉ አይነቀሱም የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መርፌውን ደንበኛው እያየ ከእሽጉ የሚከፍቱ ታቱ ቤቶች አሉ። ገንዘብ ያለው እዚያ ይሄዳል። ቦረና ያለው ልጅ ያው ፍላጎት አለው፣ ገንዘቡና መንገዱ ግን የለውም፤ ስለዚህ ማሽኑን ራሱ ይሠራል። ሕጉ የሚደርስበት ማንን ነው ቢባል ምልክቱ እንጂ እሽጉ የማይታይበትን ነው። በር አንኳኩቶ ዲናሞ ለሚነጥቅ ሚሊሻ ያ ልጅ በማግስቱ ሌላ ቴፕ ይፈታል።

ማሽን ሠሪው ራሱ ግን ነገ ጠዋት ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፤ ፈቃድም በጀትም አይጠይቅም። የሚወደውን ሞላ ከደም መንገድ ያርቀው። መርፌውና ዘንጉ በአንድ ነጥብ ብቻ ከማሽኑ ጋር ተያይዘው በሁለት ጣት የሚነቀሉ ይሁኑ፤ ሞላው፣ ጥቅሉና ዲናሞው ከላይ ሆነው በፌስታል ተሸፍነው ይቅሩ። ይህ ከጃንጥላ ዘንግና ከሴጌቶ ምላጭ ይልቅ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሙከራ ነው፤ ለሚችል ልጅ የሚመጥነውም ይኸው ነው። ቀለሙ ከጠርሙሱ በብልቃጥ ክዳን ይቀዳ፤ ለአንድ ሰው አንድ ክዳን፣ የተረፈው ይደፋ። የፕሪንተር ቀለም ይቅር፤ ለወረቀት የተሠራ ነው። ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ተጠራቅሞ ጤና ጣቢያ ካለው ቢጫ ሳጥን ይግባ። የብር ላስቲኩም ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው ሲሻገር ይጣል፤ ሱቅ ውስጥ እፍኙ በጥቂት ብር ይሸጣል።